ያልተላከ ምርቃት

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የምተወው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ነው፤ ቤይሩት፣ ሐምራ ውስጥ፣ ቲማቲም በሣጥን በተደረደረበት የአትክልት ሱቅ በር ላይ። እዚያ ቆሜ ዘጠኝ ቃል ተናግሬአለሁ። ዛሬ ግን እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ አላቆምም፤ አንብባችሁ እናንተ ፍረዱ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ተቃርበዋል። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ዳር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ሬዲዮ እፈታለሁ፤ ብሎኑ ከየት እንደወጣ፣ ሽቦው ከምን ጋር እንደተያያዘ በደብተር እስላለሁ፤ ከዚያ መልሼ እገጥማለሁ። አንድ ብሎን ከተረፈኝ ሁሉንም ፈትቼ ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ጠባዬም እንደዚሁ ነው። ብዙ አላወራም፤ ካወራሁ ግን ነገሩን ከነዝርዝሩ ነው። ሰዎች የሚያምኑኝም ለዚህ ነው።

ዘሪሁን አብሮ አደጌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቤይሩት ሄዶ፣ ምካሌስ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሯል። እዚያ ሳለ እታገኝን ተዋወቀ። እሷ የሾላ ልጅ ናት፤ ሐምራ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች። ከፋሲካ በፊት ደብዳቤ ላከልኝ። "ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ሰርጌ ነው፤ ያለ አንተ ሚዜ አላቆምም" ይላል። የጉብኝት ቪዛውን አለቃው አስጨርሶልኛል፤ ቲኬቱን ዘሪሁን ራሱ ቆርጦልኛል። እኔም ደስ አለኝ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ሙሉ የምትባል ጓደኛችንም እዚያው ቤይሩት ናት። ካየኋት አምስት ዓመት አልፎኛል።

ከደብዳቤው ግርጌ እንዲህ የሚል ተጨምሮበታል፦ "እታገኝ እናቴ ሳትመርቀኝ ቀለበት አላደርግም ብላለች። ሾላ እትዬ ዘነበች ጋ ሄደህ ቃላቸውን ይዘህልን ና።"

ሾላ የሄድኩት ጸሎተ ሐሙስ ቀን ነው። በሩ ክፍት ነበር። ውስጥ አራት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። "እትዬ ዘነበችን ፈልጌ ነበር" ስል ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ሽማግሌ ከጓዳ ወጥተው ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ ወሰዱኝ። የእታገኝ አጎት ጋሽ ተሰማ ነበሩ።

"ከሞተች ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀኗ ነው" አሉኝ። "አርባዋ በፋሲካ ማግስት ይወጣል።"

"እታገኝ አታውቅም?"

"በሰው አገር ብቻዋን ለተቀመጠች ልጅ መርዶ በስልክ ይነገራል? ማን ደግፎ ይይዛታል? በዚያ ላይ ሰርጓ ነው። ትዳር ነው። ካገባች በኋላ፣ ወዳጅ ባለበት፣ በማለዳ፣ በወጉ ንገሯት። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል።"

"የእናቷን ቃል አምጣ ብለውኛል እኮ ጋሼ።"

"ደህና ናቸው በላት። ሌላ ምን ቃል አለ?"

ሁለት ቃል ነው። በሁለቱ ቃላት ላይ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሌላም ጥፋት አለብኝ፤ እትዬ ዘነበች በምን እንደሞቱ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ ምንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ብሎን የምቆጥር ሰው ያን ቀን የሰው ሞት አልቆጠርኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ቀን ቤይሩት ገባሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከዐሥር ሰው ዘጠኙ ወጣት ሴት ነበር። ሲወርዱ ፓስፖርታቸውን አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እየሰበሰበ ከግድግዳ ጥግ አስቀመጣቸው። እኔን ዘሪሁን ከበሩ ማዶ እጁን እያወዛወዘ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ጸጉሩ ላይ ነጭ የአሉሚኒየም ብናኝ አለ። ሻንጣዬን ከመቀበሉ በፊት "ቃላቸውን ይዘሃል?" አለኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ነገርኩት። እስከ ምካሌስ ድረስ ብናኙን ከጸጉሩ ሲያራግፍ ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ወደ ሙሉ ሄድን። መዝረዓ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከአራት ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቷ እዚያው ስለቀረ ወረቀት የላትም፤ በሰዓት እየተቀጠረች የሰው ቤት ታጸዳለች። ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስንደርስ በሩን ከፍታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አንተ! አሁንም እንደ ሬዲዮ ካልጠመዘዙህ አትናገርም? አሳንሰሩን አየኸው? ከጦርነቱ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም። ያላ፣ መጣህ አይደል፣ እሱን ሳትጠግን አገርህ አትገባም!"

አቅፋኝ ሳቀች። ዘሪሁን ግን አልሳቀም። ነገራት። ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን ስታይ ቆየች።

"ዛሬውኑ ትነገር" አለች።

"ማዳሟ ለዚህች እሑድ ፈቃድ የሰጠቻት በስንት ልመና እንደሆነ ታውቂያለሽ" አላት ዘሪሁን። "ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ቀትር። ያኒ፣ ሁለተኛ አይገኝም። ዛሬ ከተነገራት ሰርግ የለም፤ ኸላስ፣ አለቀ።"

"እና እናቷ ሞታ ትጨፍር?"

"አጎቷ ናቸው ያሉት። ወግ ነው።"

"ወጉንማ እኔ ልንገርህ!" ብላ ተነሳች። "አባቴ ሲሞት ሰባት ወር ደበቁኝ። በየደብዳቤዬ 'የአባባ ጫማ ስንት ቁጥር ነው?' ብዬ እጠይቃለሁ። እነሱ ደግሞ ይመልሱልኛል እኮ! አርባ ሁለት ነው ይሉኛል። ለሞተ ሰው ጫማ ስለካ ከርሜ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ እፍረት ነው።"

ያም ሆኖ ዘሪሁን ለመናት። እኔም ለመንኳት፤ የአጎትየውን ቃል መጠበቅ አለብኝ ብዬ ነው። በዚህ ተስማማን፦ እሑድ ይጋቡ። ሴቶቹ ክፍላቸውን ለሙሽሮቹ ይለቃሉ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም መጥተን እዚሁ እንነግራታለን፤ እስከ ቀትር ታለቅሳለች፤ ከዚያ ወደ ማዳሟ ትመለሳለች።

ስንወጣ ሙሉ እጅጌዬን ይዛ አስቀረችኝ።

"ስታገኛት አታብዛው። ደህና ናቸው በልና ዝም በል። ዝም ማለት ታውቅበት የለ?"

እታገኝን ያየኋት የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። አትክልት ለመግዛት ስትወርድ ዐሥር ደቂቃ ታገኛለች። ማዳሟ ሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ሆና አበባ እያጠጣች ቁልቁል ታያለች። እታገኝ አጠር ያለች፣ ሳቂታ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ልጅ ነበረች። ገና ሳንጨባበጥ ጀመረች።

"እማዬስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ደህና ናቸው ብቻ? በዓይንህ አይተሃታል?"

"አይቻቸዋለሁ።"

"ጉልበቷስ?"

"በምርኩዝ ይሄዳሉ።"

"ምርኩዝ ያዘች?" ፊቷ ጠቆረ።

ደነገጥኩ። "ለዳገቷ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ አይዙትም" አልኳት።

"እፎይ። ምን ለብሳ ነበር?"

"ቀሚስ። ሹራብ ደርበው።"

"ሰማያዊውን? እኔ የላኩላትን?"

"አዎ፣ ሰማያዊውን። ላይኛው ቁልፉ ወልቋል።"

ቁልፉን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ውሸት ዝርዝር ከሌለው የሚታመን ስላልመሰለኝ ይሆናል። እታገኝ ግን በሳቅ ፈረሰች። "በዓመቱ ቁልፍ ጣለች! አላልኩህም?" አለችው ዘሪሁንን። "እሷ እኮ ልብስ አይበረክትላትም!" ዘሪሁን ቲማቲም እየመረጠ ጀርባውን ሰጥቶናል። አንዱን ቲማቲም አንስቶ ያስቀምጣል፤ መልሶ ያነሳዋል።

"ቴፕ ሠሪ ሆነህ ድምጿን ሳትቀዳልኝ መጣህ?" አለችኝ።

"መብራት ጠፍቶ ነበር።"

"ባትሪ የለም እንዴ አገራችን? እሺ ተወው። በቃልህ ንገረኝ። ምን አለችኝ? እንዳለችው። እንዳትቀንስ።"

ከሰገነቱ "እታጋ! ያላ!" የሚል የማዳሟ የጥድፊያ ጥሪ ወረደ። "ጄዬ ማዳም!" ብላ መምጣቷን በዓረብኛ ጮኻ ተናገረችና እጄን ያዘች። "ቶሎ በል። ሳትመርቀኝ እንደማላገባ ነግሮሃል አይደል?"

በዋዜማው ጠዋት አዲስ አበባ ከቤት ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ መርቃኝ ነበር። ለእኔ ያለችውን ወደ ሴት ለውጬ ሰጠኋት።

"የረገጥሽው ይለምልም፤ የያዝሽው ይባረክ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ወጥተሽ አትቅሪ።"

ዓይኗን ጨፍና በየአንዳንዱ ላይ አሜን ስትል ቆየች። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ዓይኗን ገለጠች።

"ወጥተሽ አትቅሪ አለች?"

"አሉ።"

"እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ሁልጊዜ 'ሂጂ አንቺ፣ መድኃኔዓለም ያግዝሽ' ነው የምትለኝ። ሰው ሲናፍቅ አነጋገሩም ይለወጣል አይደል?"

"ይለወጣል" አልኳት።

"በቃ። አሁን አገባለሁ።" ዘንቢሏን አንስታ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

ስንመለስ ዘሪሁን "ያን ሁሉ ከየት አመጣኸው?" አለኝ። ቀጥሎም "እግዚአብሔር ይስጥህ" አለኝ። አመሰገነኝ።

እሑድ ጠዋት ለሐበሾች በተፈቀደ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ከተደረገ በኋላ ሰርጉ ምካሌስ፣ ዘሪሁን የሚሠራበት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ሆነ። ሦስት ጊዜ ጠርገነዋል፤ ሆኖም የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ከሴቶቹ ጫማ ሥር ያብለጨልጭ ነበር። አርባ ያህል ሴቶች መጥተዋል። እያንዳንዷ የራሷ ሰዓት አላት፤ አንዷ "እኔ እስከ ዘጠኝ ነኝ"፣ ሌላዋ "እኔን ሚስተሩ በአሥር ሰዓት ከበሩ ይወስደኛል" ትላለች። ስለዚህ ማታ የሚዘፈነው በጠራራ ፀሐይ ተዘፈነ፤ ኬኩ ሳይቀመጥ ተቆረጠ። በሙሽራዋ እናት ቦታ እትዬ አስካለ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ የደረሰ ወጥ ቤት ናቸው፤ በዚያ አገር ላሉት ሴቶች ሁሉ እናታቸው እንደ ማለት ነው።

ሙሉ ለእትዬ አስካለ ነግራ ነበር። እትዬ አስካለ ለአንዷ፣ አንዷ ለሌላዋ ነገረች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን መጋዘኑ ውስጥ ካለው ሰው የማታውቀው ሙሽራዋ ብቻ ነበረች። ሴቶቹ እልልታቸውን ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉት ነበር። እየጨፈሩ ያለቅሳሉ። እታገኝ የአገር ናፍቆት መስሏት "ምነው እናንተ! ሰርጌን ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት!" እያለች ትስቅባቸዋለች።

አንድ የዘሪሁን የሥራ ባልደረባ የቪዲዮ ካሜራ ተሸክሞ ይቀርጽ ነበር። እታገኝ ጠራችው። ቬሏን አስተካክላ ካሜራው ፊት ቆመች፤ ዘፈኑን በእጇ ዝም አሰኘች።

"እማዬ!" አለች። "ይሄ ካሴት ሲደርስሽ ጎረቤቱን ሰብስቢና ጋሽ ተሰማ ቤት ሆናችሁ እዩት። አየሽኝ? ወፍሬያለሁ አይደል? ምርቃትሽ ደርሶኛል። 'የረገጥሽው ይለምልም' ብለሻል። ይኸው ረገጥኩ!" ብላ ጫማዋን ሲሚንቶው ላይ መታችው። "'ወጥተሽ አትቅሪ' ብለሻል። አልቀርም። ለመስቀል እመጣለሁ። ጠብቂኝ፤ እሺ?"

አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አፏን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እልል አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ብዙዎቹ እልል እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። እታገኝ ዞራ እጄን ያዘች። "አንተ ነህ እኮ ያመጣህልኝ" አለችኝ። ሙሉን ፈለግኋት። ከበሩ ሥር ቆማ ታየኛለች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀችብኝ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ መዝረዓ ደረስን። እትዬ አስካለ፣ ሙሉ፣ ሌሎች ሁለት ሴቶችና እኔ ነበርን። አምስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ቆመው ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ሙሉ ሁለት ፎጣና አንድ ትራስ ይዛለች።

"ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ለአፏ" አለችኝ። "የታችኛው ፎቅ ሰውዬ አንዴ ፖሊስ ጠርቶብናል። ከመጣነው ሴቶች ውስጥ ወረቀት ያላቸው እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው።"

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። እታገኝ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። ማዳሟ ቤት በአሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ስለለመደች በሰርጓ ማግሥትም ተነስታ ትጠርግ ነበር። ጸጉሯ የሰርጉን ሹሩባ እንደተሠራ ነው። ዘሪሁን ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነጠላቸውን አየች። ከአንዷ ወደ አንዷ አየች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

"ማን ነው?" አለች።

ሙሉ መጥረጊያውን አንስታ ከግድግዳው አስጠጋችው።

"ወንድሜ ነው?"

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

"ጋሽ ተሰማ ነው? ጋሽ ተሰማ ነው አይደል? ልቡን ያመው ነበር።"

"አይደለም ልጄ።"

"እና ማን ነው? እማዬማ ደህና ናት! እሱ አይቷት ነው የመጣው።" በጣቷ አመለከተችኝ።

አንባቢዎቼ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ በማለዳ ደጅ ላይ ያየ የአገራችን ሰው ማን እንደሞተ ሳይነገረው ልቡ ያውቃል። መርዶ በዚያ ሰዓትና በዚያ መልክ የሚነገረው ሰውየው ራሱ ቀድሞ እንዲደርስበት ነው። እታገኝ ግን ልትደርስበት አልቻለችም። መንገዷን እኔ ዘግቼዋለሁ። ዘመዶቿን አንድ በአንድ እየገደለች ስትፈልግ እናቷ ጋ አልደረሰችም።

"እናትሽ ናት የኔ ልጅ" አሉ እትዬ አስካለ። "አርፋለች።"

እታገኝ ፈገግ አለች። "አይደለም እትዬ፣ ተሳስተው ነው። ንገራቸው!" አለችኝ። "ንገራቸው እንጂ! ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ በምርኩዝ..."

"አላየኋቸውም" አልኳት።

ጩኸቷ ከመውጣቱ ሙሉ በፎጣው ያዘችው። ሴቶቹ አቅፈው ወለሉ ላይ አወረዷት። ትራሱን ፊቷ ላይ አድርገው ያዙላት፤ ትራሱ ውስጥ ጮኸች። "ቀስ፣ የኔ እናት፣ ቀስ" እያለች ሙሉ ራሷ ከእሷ በላይ ታለቅስ ነበር። ደረታቸውን ሲመቱ ድምፁ እንዳይሰማ ነጠላቸውን አጥፈው በላዩ ላይ ይመታሉ። ከታች አንድ ሰው በእንጨት ጣሪያውን ሦስት ጊዜ ደበደበው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ እንደገና ቀስ ብለው ጀመሩ። ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ዝም ያለ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አምስት ሰዓት ላይ እታገኝ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ሦስት ጊዜ ታጠበች። ማዳሟ ዛሬ እንግዳ አለባት። "ዓይኔን አይታ 'ሹ ሳር?' ትለኛለች" አለች፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። "ሽንኩርት ነው እላታለሁ።" ከዚያ ወደ ደረጃው ጠራችኝ። ሌሎቹ ውስጥ ቀሩ።

"ከሞተች ስንት ቀኗ ነው?"

"ዛሬ ሃምሳ አራት።"

"በምን ሞተች?"

"አላውቅም።"

"ማን ነበር አጠገቧ?"

"አላውቅም።"

"ስሜን ጠርታለች?"

"አላውቅም።"

"ቁልፉ ከየት መጣ?"

"ከራሴ።"

"ምርቃቱስ? ያም ከራስህ ነው?"

"የእናቴ ነው። ለእኔ የመረቀችኝ።"

"እናትህ በሕይወት አለች?"

"አለች።"

"እንግዲያው መልስላት። የእኔ አይደለም።"

ደረጃውን ሁለት እርምጃ ወረደችና ዞረች።

"ስለ ደበቃችሁኝ አልቀየምም። ወግ ነው፤ እኔም ብሆን እደብቅ ይሆናል። ግን አንተ ሌላ እናት ሠርተህ ሰጠኸኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በደስታ ያሰብኳት የእኔዋን አይደለም፤ ያንተዋን ነው። አሁን ለማልቀስ ስሞክር ያቺው ባለ ሹራቧ እየመጣች ታስቸግረኛለች።"

ዘሪሁን ሊሸኛት ተከትሏት ወረደ። ከላይ ሆኜ እንዳየሁት የመንገደኛ ታክሲ ውስጥ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጡ። ኋላ እንደጻፈልኝ ሦስት ሳምንት አላናገረችውም።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በማግሥቱ ደብተሬን ይዤ ሾላ ሄድኩ። አራት ቀን ተመላለስኩ። ጋሽ ተሰማን ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ ጎረቤቶቹን፣ ከዚያ የንስሐ አባታቸውን። እትዬ ዘነበችን ያስታመመችው ፀሐይ የምትባል የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከእሷ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። በሳንባ ሕመም ስምንት ቀን ተኝተዋል። አጥሚት ብቻ ይቀምሱ ነበር፤ ከአራተኛው ቀን ወዲህ እሱንም ተዉት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው መተኛት ይወዱ ነበር። ያረፉት ረቡዕ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከቀባሪው ብዛት የተነሳ የዕድር ወንበር አልበቃ ብሎ ከሌላ ዕድር ተውሰዋል።

"ስለ እታገኝ ምን አሉ?" አልኳት ፀሐይን።

"ምንም። በመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት አንደበታቸው ተይዞ ነበር።"

"በምልክትስ? በእጃቸው?"

"ምንም አላሉም" አለችኝ።

የሰማሁትን ሁሉ ለእታገኝ በደብዳቤ ስጽፍ እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። "ዓይናቸው ፎቶሽ ላይ ነበር" ብዬ ብጨምር ማን ያውቅብኛል? ልጅቱ ትጽናና የለ? ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ነጥብ አድርጎ ቀለሙ ሰፋ። ወረቀቱን ቀየርኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ስምሽን አልጠሩም። መናገር አይችሉም ነበር። ምርቃት አልተዉልሽም።"

እናንተ ወደ ሩቅ አገር መልእክት የምትይዙ፣ በስልክ "ሁሉም ደህና ነው" የምትሉ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ ወጉን አልነቅፍም። መርዶ ሰዓትና ሰው ይፈልጋል፤ ጋሽ ተሰማ አልተሳሳቱም ይሆናል። ነገር ግን ዝም ማለትና ፈጥሮ መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት በሰው እናት ላይ ተምሬ ነው። ዝም የተባለበት ሐዘን ባለበት ይቆያል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ያገኘዋል። እኔ የፈጠርኩት ግን የሟቿን ቦታ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ሰው ሲጠይቀኝ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ካላየሁ አላየሁም እላለሁ። አንዳንዱ "ደረቅ ነህ" ይለኛል። እናቴ እንኳ እንዲህ የሆንኩበትን ምክንያት አታውቅም፤ አልነገርኳትም።

መልሱ በሁለት ወሩ፣ ወደ አገር በተመለሰች አንዲት ሴት እጅ ደረሰኝ። ከልጅ ደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነው። ሰላምታ የለውም።

"ደብዳቤህን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አነበብኩት። ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር ያልከው እሷ ናት። እሷን ነው የማውቃት። አሁን አለቀስኩላት።"